የእናናዬ ጾምና የማማ ሂሳ ስጦታ

ሪያድ ውስጥ፣ መላዝ በሚባለው ሰፈር ካሉ የቤት ሠራተኞች ሁሉ በጾም ስሟ የገነነው ናፊሳ ነበረች። ያገነኗት አሠሪዋ ማማ ሂሳ ናቸው። ማማ ሂሳ ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው ያልደከመ ባልቴት ናቸው፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ሐኪም ቤት አጠገባቸው ተራ ለሚጠብቅ ሰው ሳይቀር ስለ ናፊሳ ሳያወሩ አይነሡም።

«የእኔዋ ሐበሻ በረመዳን ብቻ የምትጾም እንዳይመስላችሁ» ይላሉ። «በየሳምንቱ ሁለት ቀን አይቀርባትም። በብርዱ ከወር በላይ ጾመች። በሙቀቱም ጾመች። ሥጋው ፊቷ ተቀምጦ ዞር ብላ አታየውም። እኔ ሐጅ አድርጌ እንኳ እንደሷ ያለ ትዕግሥት አላገኘሁም።»

ሰሚው ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። ከጎረቤት ሴቶች መካከል «ናፊሳ፣ ለልጄ ፈተና ዱዓ አድርጊላት» ብለው የሚለምኗትም አልጠፉም። እሷም ትጸልያለች። አንዷ ልጅ ፈተናውን ካለፈች በኋላማ ልመናው በዛ። ጸሎቱ በማን ስም እንደሚደርስ ግን የጠየቃት የለም።

ማማ ሂሳን አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባቸው ነበር። እነሱ ዘንድ በፈቃዱ የሚጾም ሰው ሰኞና ሐሙስን ነው የሚመርጠው፤ ናፊሳ ግን ረቡዕና ዓርብን ነው። አንድ ቀን ጠየቋት።

«ያ ናፊሳ፣ ለምን እንደ ሰው ሰኞና ሐሙስ አትጾሚም?»

«እኛ አገር እንዲህ ነው ማማ።»

ይህንን ስትል አልዋሸችም። እሷ አገር እንዲያ ነው።

ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ናፊሳ የሚባል ሰው የለም። ልጅቷ እናናዬ ናት፤ የደላንታ ልጅ፣ በሰማንያ ቀኗ የተጠመቀች፣ ከአባቷ ጎን ቅዳሴ ቆማ ያደገች። ናፊሳን የፈጠራት ደሴ ላይ ያገኘችው ደላላ ነው።

«ሳዑዲ ልሂድ እያልሽ እናናዬ ነኝ ትያለሽ?» አላት ፎቶዋን እያገላበጠ። «በዚህ ስም ማንም አይወስድሽም። ናፊሳ ብዬሻለሁ። ማን ነሽ?»

«ናፊሳ።»

«እንደሱ በፍርሃት አይደለም። ማን ነሽ?»

«ናፊሳ!»

«ጎሽ። አንገትሽ ላይ ያለውንም ክር ፍቺው።»

ፈታችው። ወንድሟ ደርበው ከጦርነቱ በቆሰለ እግር ተመልሶ አልጋ ላይ ከዋለ ከርሞ ነበር። ሐኪሞቹ እግሩ ይድናል፣ ግን ሕክምናው ረጅም ነው ብለዋል። አባቷ ሞተዋል፤ እናቷ ደክመዋል። ማተቧን ስትፈታ ስለ እግሩ ብቻ ነበር የምታስበው። አንገቷ ባዶ መሆኑ የተሰማት በኋላ ነው፤ ሪያድ ገብታ የሰው ቤት በር ከኋላዋ ሲዘጋ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከፉባት። ሥራው አልነበረም የከፋው፤ ሥራ ታውቃለች። ማማ ሂሳም ይጮኹ ይሆናል እንጂ እጃቸውን አያነሡም። የከፋው፣ የእሷ የሆነ አንዳች ነገር አለመቅረቱ ነው። የምትነሣበትን ሰዓት ሌላ ሰው ይወስናል፤ የምትለብሰውን ሌላ ሰው ይገዛል። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው፣ የማማ ሂሳ ልጅ ባባ ፈሪድ ዘንድ ነው፤ ከፊሏ፣ በሕግ ኃላፊዋ፣ እሱ ነውና ያለ እሱ ፈቃድ የትም መሄድ አትችልም። አንድ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ የግንቡን ጠርዝ ይዛ ወደ ታች አየች። እርጥቡ ልብስ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቆማ አየች። የምታስበውን ነገር ለራሷም አልነገረችም።

ከዚያ ጠርዝ የመለሳት ነገር ለሰው ቢነገር ያስቃል። ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አላት። ረቡዕ ነው፤ እሷ ደግሞ እንቁላል በልታለች። አገሩን ከረገጠች ጀምሮ ረቡዕም ዓርብም ስትበላ ነው የከረመችው፤ ማንም ብይ ብሎ ሳያስገድዳት።

«ስሜን ደላላው ወሰደው» አለች ድምፅ አውጥታ። «ሆዴንስ ማን ጠየቀኝ? በነፃ ነው እንዴ የሰጠሁት?»

ተናደደች። ለወራት ማዘን እንጂ መናደድ ጠፍቶባት ነበር፤ ንዴቱ እንደ ውሃ አነቃት። ልብሱን አንድ በአንድ እያራገፈች አሰጣችና ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾመች። ጾሙ ሲመለስ ጸሎቱም ተከትሎት መጣ። አገር ቤት ሳለች እግዚአብሔርን የምታውቀው በሕዝብ መካከል፣ በከበሮና በካህናት ድምፅ ነበር። አሁን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍሏ፣ የሳሙና ሽታ እየሸተታት፣ ብቻዋን አገኘችው። ብቻዋን ስታገኘው ቀረባት። ማንም ሊያዝዝበት የማይችል አንድ ቦታ በውስጧ እንዳለ አወቀች፤ እዚያ ቦታ ላይ ስትቆም እንቅልፏ ተስተካከለ።

አንድ ቀን ማማ ሂሳ ሳያንኳኩ በሩን ከፈቱት። እናናዬ በግንባሯ ወለሉ ላይ ተደፍታ ትሰግዳለች። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ መካ ደግሞ ከሪያድ በስተ ምዕራብ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ማማ ሂሳ። «ቂብላው በዚህ ነው እንጂ! መስኪን፣ አቅጣጫ ጠፍቷት ነው።»

ከራሳቸው ክፍል ጥሩ የስግደት ምንጣፍ አምጥተው ወደ ምዕራብ አነጠፉላት፤ ትከሻዋንም ይዘው አዞሯት። ሲወጡ እናናዬ በሩን ዘጋችና ምንጣፉን መልሳ አዞረችው። ከዚያ በኋላ ክፍሏን በጎበኙ ቁጥር ምንጣፉ ተጣሞ ያገኙታል፤ እያጉረመረሙ ያስተካክሉታል፤ እሷ ታዞረዋለች። ልጅቷ ጾመኛ ብትሆንም አቅጣጫ የማትይዝ ናት ብለው ደመደሙ።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ። ለእናናዬ ቀለላት። ቤቱ በሙሉ እስከ ማታ ስለሚጾም ቀን የማትበላው ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። የሚያስቸግረው አፍጥር ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ማዕዱ ይሞላል፤ የሥጋ ሳምቡሳ፣ የዶሮ ሩዝ፣ ለበን የሚሉት እርጎ። እሷ ቴምር ታነሣለች፣ ፉል በዳቦ ትበላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ በቃ።

«ለበኑን ጠጪ እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጾሚ ውለሽ!»

«ይበቃኛል ማማ።»

ማማ ሂሳ ይህንን ሲያዩ ሰንብተው አንድ ማታ፣ ሴት ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶች በተቀመጡበት፣ እጃቸውን አነሡ።

«ስሙኝ። እኔ ከማዕዱ ሁሉንም እየበላሁ ጾምኩ እላለሁ። ይህች ልጅ የተፈቀደላትን እንኳ ለአላህ ብላ ትተዋለች። ለእንዲህ ያለ ሰው ገንዘብ ምን ያደርጋል? ናፊሳ፣ ከእኔ ጋር መካ ትሄጃለሽ። ዑምራ ታደርጊያለሽ፤ ወጪው በእኔ ነው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ተነሥታ ግንባሯን ሳመቻት። እናናዬ የሳምቡሳውን ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሹክራን፣ አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልጠፋም፤ ለዕቃም ለልብስም ስትለው የኖረችው ቃል ነውና በልማድ ወጣ።

ማድ ቤት ገብታ ሳህኑን ስታስቀምጥ ነገሩ ገባት። መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለ ከተማ ነው። የረቡዕና የዓርቡ፣ የነቢያቱና የፍልሰታው ጾም፣ ለክርስቶስ ብላ የራበችው ረሃብ ሁሉ ተደምሮ እዚያ ሊወስዳት ነው። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠችው። እስካሁን ስሟን ብቻ ነበር የዋሸችው። አሁን እግሯም፣ እጇም፣ አፏም ሊዋሽ ነው። አልሄድም ካለች ለምን እንደማትሄድ መናገር አለባት፤ ከተናገረች ሥራዋ አለቀ፤ የደርበው ሕክምናም አብሮ።

መንፉሐ በሚባለው ሰፈር ለምትኖረው ጓደኛዋ ለሳምራዊት ደወለች። ሳምራዊት ክርስቲያን ናት፤ ከአሠሪዋ ጠፍታ፣ ያለ ኢቃማ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች።

«ሂጂ!» አለች ሳምራዊት ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ። «አንቺ ሞኝ ነሽ እንዴ? ሰው ሲዞር ትዞሪያለሽ፣ በሆድሽ አባታችን ሆይ ትያለሽ፣ ኸላስ፣ በቃ። እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው።»

«ልቤን ካየ ውሸቴንም ያየዋል።»

«ውይ፣ ጻድቅ ልትሆኚብኝ ነው! እህቴ፣ ከአገር የሚባረሩትን የሚያጉሩበት ተርሂል ታስረሽ ታውቂያለሽ? እኔ አውቃለሁ። እግር ለመዘርጋት ተራ ይጠበቃል። ጽድቅሽን እዚያ ታሳዪኛለሽ።»

«የፈራሽልኝ እኮ ገብቶኛል።»

«ስላልገባሽ ነው ገባኝ የምትዪው» አለችና ሳምራዊት ስልኩን ዘጋችባት።

በማግሥቱ ጠዋት ጣሪያ ላይ ሳዲያን አገኘቻት። ሳዲያ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፤ የሐይቅ ልጅ፣ እውነተኛ እስላም። ሁለቱን ጣሪያዎች የሚለያቸው ወገብ የሚደርስ ግንብ ነው፤ ልብስ ሲያሰጡ በላዩ ይጨዋወታሉ። ሳዲያ የእናናዬን ነገር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች፤ እናናዬ እግሯ ላይ ባልዲ ወድቆባት «እመብርሃን!» ብላ ስትጮህ ከግንቡ ማዶ ነበረች። እስካሁን ለማንም አልተነፈሰችም።

«ሰማሁ» አለች ሳዲያ ትራስ ልብስ እያራገፈች። «እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ ወይስ ነፍስ ይማር?»

«አትቀልጂ፣ ሳዲዬ።»

«ምን ላርግ ታዲያ! እኔ መዳሜ ዑምራ ትውሰደኝ ብዬ ስንት ዓመት ዱዓ አድርጌ፣ አንቺ በሹሮ ጾምሽ አገኘሽው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ሳዲያ ፊቷን ወደ ልብሱ መለሰች።

«ተቀየምሽኝ?» አለቻት እናናዬ።

«በአንቺ አልተቀየምሁም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እዚያ ቦታ ሄደሽ፣ ሳታምኚበት፣ ለይምሰል ስትዞሪ ሳስበው ሆዴን ቅር ይለዋል። አንዷ እስላም ስሟን ቀይራ ቤተ ክርስቲያንሽ ገብታ ብትቆርብ፣ አንቺስ?»

«ሆዴን ያመኛል።»

«አየሽ?»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ እንዴ? ጾመኛዋ አንቺ ነሽ!» አለች ሳዲያ። ባዶ ቅርጫቷን አንሥታ ስትሄድ ዞር አለች። «ግን ምንም ብታደርጊ በእኔ በኩል አይወጣም፤ ወላሂ።»

እናናዬ ያን ቀን ጸሎቷ ላይ እግዚአብሔርን ብዙ አልለመነችም። አድነኝ አላለችም፤ ልባቸውን አራራልኝም አላለችም። «አንተን ይዤ ነው የምናገረው» ብቻ አለች። ይህንን ስትል ደረቷ ውስጥ የነበረው መሯሯጥ ረጋ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ጥግ ይዞ ተቀመጠ እንጂ።

ለጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረው ማማ ሂሳ አስጠሯት። አልጋቸው ላይ አዲስ ነጭ ልብስ ዘርግተዋል፤ ለእሷ ያስሰፉት ነው። በእጃቸው ደባበሱት።

«ነይ ለኪው። ከለካሽ በኋላ እዚያ የምንለውን አስጠናሻለሁ፤ ዐረብኛሽ እኮ የገበያ ነው። ከእኔ ጋር በይ፤ ለበይክ...»

እናናዬ ልብሱን አላነሣችም።

«ለበይክ በይ እንጂ። ጌታዬ ሆይ፣ ጠርተኸኝ መጣሁ ማለት ነው።»

«ገብቶኛል ማማ። እኔ ግን ወደዚያ አልተጠራሁም። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ስሜም ናፊሳ አይደለም፤ እናናዬ ነው።»

ማማ ሂሳ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ትኩሳት እንዳላት ለኩ። ትኩሳት የለም።

«ጾሙስ?»

«የጾምኩት የራሴን ጾም ነው።»

«ስግደቱስ? በዓይኔ አይቼሻለሁ።»

«ወደ ምሥራቅ ነበር። ምንጣፉን እርስዎ ሲሄዱ አዞረዋለሁ።»

ይህኛው ከሁሉም ይልቅ ጎዳቸው። እጃቸውን ከግንባሯ አነሡ።

«እኔ እኮ እያጎነበስኩ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ላስተካክልልሽ...» ጉልበታቸውን ያዙ። «ከአንድ ሰው ጋር ኖሬያለሁ ብዬ ከሁለት ሰው ጋር ነው የኖርኩት። እህቴ ቤት የምትሠራው ፊሊፒናዋ ክርስቲያን ናት፤ ማን ምን አላት? ለምን ዋሸሽኝ?»

«ዋሽቻለሁ፤ ማማ፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ታሞብኝ፣ በስምሽ አትወሰጂም ሲሉኝ እሺ አልኩ። አሁን ግን እርስዎ የሚያከብሩት ቦታ ድረስ ሄጄ አልዋሽም። የእኔንም አምላክ የእርስዎንም ቤት አላዋርድም።»

«ውጪልኝ» አሉ ማማ ሂሳ። ነጩ ልብስ አልጋው ላይ ቀረ።

ባባ ፈሪድ ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣ መጣ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ስልኩን የሚያይ ሰው ነው። እናናዬን ሳሎኑ በር ላይ አቆማት።

«ስሚኝ» አለ። «እናቴ ታማለች፤ አላስጮኻትም። ወረቀትሽ ሙስሊም ይላል። ነገሩን ቀላል ላድርግልሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ሼኩ ፊት ትያለሽ፤ ወረቀትሽ እውነት ይሆናል፤ መካም ትሄጃለሽ፤ ያለፈው አለፈ። ካልሆነ ኹሩጅ ነው፤ ጠቅልለሽ አገርሽ።»

የደርበው እግር ዓይኗ ላይ መጣ፤ ፋሻው፣ ሽታው፣ እናቷ ውሃ ሲያሞቁ። አፏ ደረቀ። እንዲህ በደረቀ አፍ ይወጣል ብላ ያላሰበችው ድምፅ ወጣ።

«ባባ ፈሪድ፣ ቃሏ ቀላል ብትሆን እናንተ እንዲህ አታከብሯትም ነበር። ሳላምንባት ብላት እናንተን ሰደብኩ፣ እኔም ተሰደብኩ። አልላትም።»

አሁን ከስልኩ ቀና ብሎ አያት።

«ቤተሰብሽን ማን ሊረዳልሽ ነው?»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት ማን ነበር የያዛቸው? እሱ ነው።»

«ያላ፣ በቃ» አለ። «ከመካ ስንመለስ ጉዳይሽን እጨርሳለሁ።»

ለደርበው ደውላ ሁሉንም ነገረችው። ስሟን ቀይራ እንደወጣች ያን ቀን ነው የሰማው።

«ለእኔ እግር ብለሽ?» አለ። «እኔኮ እግሬን ባስቆርጥ እንኳ ሐኪሙን ጠይቄ ነው፤ አንቺ ስምሽን ማንን ጠይቀሽ አስቆረጥሽው?» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ነይ እናናዬ። በአንድ እግርም ይቆማል። ሳትጎብጪ ነይ።»

ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቆመችው፤ ሂጂ እስክትባል አልጠበቀችም።

እነ ማማ ሂሳ ከሴት ልጃቸው ጋር መካ ሄዱ። ባባ ፈሪድ የውጪውን በር ከውጭ ቆለፈው፤ ጣሪያው ግን ክፍት ነው፤ ምግብም አለ። እናናዬ ብቻዋን ቀረች። የተቆለፈበት ሰው መሆኗን ብታውቅም እንደዚያ አልተሰማትም። በየክፍሉ እየዞረች አቧራ ስትጠርግ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያለች በሙሉ ድምፅ አዜመች። ድምፅዋ የእናቷን መምሰሉን ያን ጊዜ አወቀች። ሳሎኑ ትልቅ ነው፤ ድምፁን ይመልሳል። ብቻዋን ሆና ሕዝብ መሰለች። በኋላ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ሳዲያ ግንቡን ተደግፋ ትጠብቃታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ደብር አደረግሽው እንዴ? እስከ እኔ ማድ ቤት ይሰማል!»

«ይሰማ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ግን ከእንግዲህ በሹክሹክታ አልፈራም።»

እነ ማማ ሂሳ ለዒድ ዋዜማ ተመለሱ። በዓሉ ሲከበር ቢሮዎች ስለተዘጉ የእናናዬ ኹሩጅ ቆየ። እሷም እንደ ወትሮው ሠራች፤ እንግዳ አስተናገደች፣ ሳህን አጠበች። ማማ ሂሳ በቀጥታ አያናግሯትም፤ የሚፈልጉትን ለልጃቸው ይነግራሉ፣ ልጃቸው ለእሷ ትነግራለች። ረመዳን አልቆ ሁሉም ቀን ሲበላ የእናናዬ ጾም ገና ነው፤ አሁን ግን የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ምስሯን በግልጽ ትቀቅላለች።

እንግዳው ሁሉ በተበተነ ማግሥት፣ ሳሎን ውስጥ ማማ ሂሳ ብቻቸውን ሳሉ፣ ድምፅ ተሰማ።

«ናፊሳ!»

እናናዬ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋው ቆመ። ደግሞ ቀጠለ።

«ናፊሳ! ያ ናፊሳ!»

ልቧ መታ። አንድ ቃል መመለስ ነው፤ ስትመልሰው የኖረችው ቃል። ነገ ቢሮ ይከፈታል፤ ሴትዮዋን ማስቆጣት ያለባት ቀን አይደለም። ከንፈሯን ገጠመችና ሽንኩርቷን ከተፈች።

ከዘራው ኮሪደሩን እየኮረኮመ መጣ። ማማ ሂሳ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ እያለከለኩ።

«ጆሮሽ ተደፈነ?»

«አልተደፈነም ማማ።»

«ስጣራ አልሰማሽም?»

«ናፊሳ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ እናናዬ ነኝ።»

«ይህ ቤት እኮ የእኔ ነው!»

«አዎ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ስሙ ደግሞ የእኔ ነው።»

ማማ ሂሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«እዚያ መካ ቆሜ ልረግምሽ ነበር» አሉ ሳያዩዋት። «አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝና ተውኩት። ለእኔ ጸልየሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ለዚህ ለጉልበቴም?»

«ለጉልበትዎም።»

«አምላክሽ አልሰማሽም እንግዲህ፤ ይኸው ያመኛል።»

«እርስዎስ መካ ድረስ ሄደው መጥተው የለም ማማ? ይኸው ያምዎታል።»

እናናዬ ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። ማማ ሂሳ ቀና አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ጉንጫቸው ተነፋ፤ ሊቆጡ ነው ስትል ሳቁ። የማይፈልጉት ሳቅ ነበር፤ ይዘው ሊያስቆሙት ቢሞክሩ አፍንጫቸውን አልፎ ወጣ።

«ባለጌ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው ተመለሰ። «አትሳቂ። ውሸትሽን ይቅር አላልኩም። ውልሽ እስኪያልቅ ትሠሪያለሽ፤ ለፈሪድ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ትሄጃለሽ፤ አይታደስም።»

እናናዬ እጇን ከሽንኩርቱ አነሣች። እንዲያድሱላት አልለመነችም። የቀረው ጊዜ ለደርበው ሕክምና ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለውንም እዚያ ቆማ አላሰላችም።

«እሺ ማማ። እስከዚያው ግን በስሜ ነው የምቆየው።»

«ምን ነበር ያልሽው? ኢና...»

«እናናዬ።»

«ኢናናይ።»

«እናናዬ።»

«ኸላስ! ምላሴ አርጅቷል፤ ከዚህ በላይ አይሄድልሽም።» ወደ ምድጃው አዩ። «የሚፈላው ምንድን ነው?»

«የእኔ ምስር ነው። ሥጋ የለበትም፤ የእርስዎ በሌላው ድስት ነው።»

«የጠየቅሁሽ ምንድን ነው ብዬ ነው። ኢናናይ፣ አምጪ ልቅመሰው።»

በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ጨልፋ ሰጠቻቸው። እፍ እፍ ብለው ቀመሱ፤ አላመጡ፤ ደግመው ቀመሱ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

እናናዬ ጨዉን አቀበለቻቸው።